ዐሥራ ስምንት ዓመት የተዳፈነ እሳት፦ የአቶ ውባንተ ተገኘ የሕይወት ታሪክ (1951–2017 ዓ.ም.)

አቶ ውባንተ ተገኘ ከአባታቸው ከአቶ ተገኘ ወርቄና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰፋች ሽባባው በጭልጋ፣ ከአይከል ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር በግንቦት ወር 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን እናታቸው «ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው፣ ዝናቡ ሳይጥል» ይሉ ስለነበር፣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ለማግኘት የተደረገው ጥረት አልተሳካም።

ወይዘሮ አሰፋች በመንደሩ የታወቁት እሳት ከጎረቤት ጭረው ባለማወቃቸው ነበር። ማታ ፍሙን ሰብስበው አመድ ያለብሱታል፤ ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርገው ጭራሮ ያስጠጉና እፍ ሲሉት ይያያዛል። «እሳት ሳታዳፍን የተኛች ሴት በር ሳትዘጋ እንደተኛች ናት» ይሉ ነበር። ከስድስት ልጆቻቸው መካከል ይህን ሙያ አጣርተው የያዙት ሦስተኛው ልጅ አቶ ውባንተ ናቸው። አባታቸው በዚህ ብዙም አልተደሰቱም፤ «ከአመድ የሚውል ወንድ» እያሉ ይተርቧቸው እንደነበር ታናሽ እህታቸው ያስታውሳሉ። የኋላውን ሁሉ ያመጣው ይህ የልጅነት ሙያ ስለሆነ አስቀድሞ እዚህ ላይ ተጽፏል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አይከል ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ሰባተኛ ክፍል ተማሩ። በ1969 ዓ.ም. እንደ ብዙ የዘመን ጓደኞቻቸው ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ ቆላ ወረዱ። ለአንድ አጨዳ ብለው ወርደው ሳይመለሱ ቀሩ። በ1972 ዓ.ም. ድንበሩን ተሻግረው ገዳሪፍ ገቡና በአንድ የዘይት መጭመቂያ ውስጥ የምድጃ ሠራተኛ ሆኑ። ያሠለጠኗቸው ሱዳናዊ ኡስታ፣ ማለትም ዋና ባለሙያ፣ እሳትን በችኮላ የሚያነድ ሰው አይወዱም ነበር። «ሽወያ ሽወያ»፣ ማለትም «ቀስ በቀስ»፣ የሚለውን የዐረብኛ ቃል አቶ ውባንተ ከእኒህ ሰው ወስደው ለእሳትም፣ ለልጆቻቸውም፣ ለባጃጅ ሾፌሮችም ዕድሜያቸውን ሙሉ ተጠቅመውበታል።

በ1984 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው ሸሕዲ ከተማ ተቀመጡ። በ1986 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊዋ ከወይዘሮ ሃይማኖት ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆችን አፍርተዋል። ወንዱ ልጅ አቶ አትክልት የሒሳብ መምህር ናቸው። ለበዓል ቤት መጥተው ከሰል ማያያዝ ሲያቅታቸው አባታቸው «እሳት አመድ ወለደ» ይሏቸው ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጁትም እኚሁ ልጃቸው ስለሆኑ፣ ተረቱን ሳይቀንሱ አስገብተውታል።

በ1997 ዓ.ም. ሐጂ ሙነወር የተባሉ ነጋዴ በሸሕዲ መግቢያ ላይ የሰሊጥ ዘይት ፋብሪካ ሲያቋቁሙ አቶ ውባንተ የቦይለር ምድጃ ኃላፊ ሆነው ተቀጠሩ። ማገዶው ከእርሻዎቹ የሚመጣ የሰሊጥ አገዳ፣ የጥጥ እንጨትና የፋብሪካው ገለፈት ነበር። ምድጃው ለመጀመሪያ ጊዜ በሚለኮስበት በጥቅምት ወር ጠዋት አገዳው ጤዛ ጠጥቶ አልያያዝ አለ። ሹማምንት ተጋብዘው ቆመዋል፤ ሐጂ ሙነወር ላብ በላብ ሆነዋል። አቶ ውባንተ አስፋልቱን ተሻገሩና ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ሻይና ፉል ከሚሸጡት ከወይዘሮ ሐሚዳ ምድጃ በቆርቆሮ ፍም ጭረው ተመለሱ። ያ ፍም ምድጃውን አስነሣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቱ ለዐሥራ ስምንት ዓመት አልጠፋም። ሥራ በሚያበቃበት በዐሥራ አንድ ሰዓት አቶ ውባንተ የአየር ማስገቢያውን በር ይዘጉና ፍሙ ላይ እርጥብ ገለፈትና አመድ ያለብሳሉ። እሳቱ ሳይነድ እየጨሰ ያድራል፤ ቅዳሜ ከተዳፈነ እስከ ሰኞ ይቆያል። ሰኞ ጠዋት አመዱ ሲገለጥ እንፋሎቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይነሣል። በዓመት አንድ ጊዜ ቦይለሩ ሲታጠብ እንኳ ፍሙን አውጥተው በጓሮ በቆፈሩት ጉድጓድ ያዳፍኑታል፤ እጥበቱ ሲያልቅ ወደ ቦታው ይመልሱታል። ለለቅሶ ወይም ለሰርግ ጭልጋ ሲሄዱ ማታ ማታ ለረዳታቸው ለአቶ ሷሊህ ስልክ ደውለው የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አልጠፋም?» ይላሉ። «አልጠፋም» ከተባሉ ስለ ቤታቸው ሳይጠይቁ ይዘጋሉ። ወይዘሮ ሃይማኖት ይህን አለመርሳታቸው እዚህ ላይ እንዲገለጽ ጠይቀዋል።

ሰው ስማቸውን ትቶ «ባለ እሳቱ» ይላቸው ጀመር። የሰፈሩ ሴቶች ጠዋት ጠዋት ከምድጃው ፍም ይወስዳሉ፤ ወይዘሮ ሐሚዳም ቆርቆሯቸውን ይዘው ሲመጡ «እኔ የራሴን ነው የምወስደው» ይሉ ነበር። ከሸሕዲ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው መንገድ ያሉ ዳቦ ቤቶች፣ ሸክላ ተኳሾችና አንድ የጥጥ መዳመጫ ሰው እየላኩ የማዳፈኑን ዘዴ ከእሳቸው ተምረዋል። ያስተማሩባቸው ቤቶች ስድስት ነበሩ። ለዚህ ሙያ ክፍያ ተቀብለው አያውቁም፤ ተጠርተው ሄደው ሙያቸው ሲመሰገን መስማት ግን ደስ ያሰኛቸው እንደነበር መደበቅ አይቻልም።

በታኅሣሥ ወር 2015 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሦስት ባለሙያዎች መጡ። ሥራቸው ፋብሪካዎች ማገዶና ነዳጅ ሲያነዱ የሚለቁትን ሚቴን የተባለ ጋዝ ለክቶ ለአገሪቱ ሪፖርት ማቅረብ ነበር። ከዚያ በፊት ከፋብሪካው በየዓመቱ የሚጠየቀው የማገዶው ዓይነት፣ የኪሎው ብዛትና የሥራው ሰዓት ብቻ ነበር፤ ቅጹንም የሚሞሉት አቶ ውባንተ ነበሩ። ባለሙያዎቹ ረጅም ቱቦ ያለው መለኪያቸውን በጭስ ማውጫው ላይ ገጥመው ሐሙስና ዓርብ ሙሉ ቀን ለኩ። ውጤቱ ጥሩ ሆነ። የቡድኑ መሪ አቶ ይስማው በምሳ ሰዓት ሐጂ ሙነወር ባሉበት «እንዲህ ጠርቶ የሚነድ ምድጃ በዚህ መንገድ ላይ አላየንም» ብለው መሰከሩ።

አቶ ውባንተ ምስጋናውን ተቀብለው ይህ ጋዝ ከየት እንደሚመጣ ጠየቁ። አቶ ይስማውም ቀለምም ሽታም እንደሌለው፣ የምድርን ሙቀት ከሚጨምሩት አንዱ እንደሆነ፣ ማገዶ አየር አጥሮት ያለ ነበልባል ሲጨስ በብዛት እንደሚወጣ አስረዷቸው። አቶ ውባንተ የያዙትን ጉርሻ መልሰው ሳሕኑ ላይ አስቀመጡ። ሐጂ ሙነወር ምግቡ ያልጣማቸው መስሏቸው ሌላ አዘዙ።

መናገርም አለመናገርም በእጃቸው ነበር። የጠየቃቸው ሰው የለም፤ በቅጹ ላይ እሳቱ ስለሚተኛበት ሰዓት የሚጠይቅ መስመር የለም፤ ባለሙያዎቹ ቅዳሜ ጠዋት ተሳፍረው ሊሄዱ ነው። ዝም ቢሉ ስማቸው ከነክብሩ ይቀመጥ ነበር። ቅዳሜ በማለዳ ባለሙያዎቹ ወዳረፉበት ሆቴል ሄደው አቶ ይስማውን አስጠሩ። «ልጄ፣ እናንተ የለካችሁት እሳቱ ሲሠራ ነው። ሲተኛ አላያችሁትም። ነገ ቆዩና እዩት» አሏቸው።

ታኅሣሥ 9 ቀን እሑድ ባለሙያዎቹ ሲለኩ ዋሉ። አቶ ውባንተ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከጭስ ማውጫው ሥር ቆሙ። ከላይ የሚታይ ነገር የለም፤ ቀጭን ነጭ ጭስ ብቻ ነው። ማታ ላይ ሲጠቃለል፣ ሁለት ኩንታል የማይሞላ ገለፈትና አገዳ ታፍኖ ሲጨስ ውሎ ያወጣው ሚቴን፣ በሁለት የሥራ ቀናት ስድሳ ኩንታል ነዶ ከሚያወጣው በልጦ ተገኘ። አቶ ይስማው ወረቀቱን ሰጧቸው። በመካከላቸው የተነጋገሩትን አቶ ሷሊህ አጠገባቸው ስለነበሩ በቃላቸው ይዘውታል።

«ይሄ ቁጥር የእሳቱ ነው የኔ?» አሉ አቶ ውባንተ።

«የእሳቱ ነው አባባ። አየር ሲነፈግ እንዲህ ያደርጋል።»

«አየር የነፈገው ማን ነው?»

አቶ ይስማው የመለኪያውን ቱቦ መጠቅለል ጀመሩ። አቶ ውባንተ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሌሊቱና እሑዱ ሲደመር ምን ያህል እንደሚሆን ጠየቁ። ያለፈው እንደማይለካ ሲነገራቸው «እናንተ አልነበራችሁማ። እኔ ግን እዚሁ ነበርኩ» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ዐሥራ ሁለት ቀን ወረቀቱን በኪሳቸው ይዘው ሰነበቱ። እሳቱንም በየማታው ማዳፈናቸውን አልተዉም፤ ይህም መነገር አለበት። ልጃቸው አቶ አትክልት ነገሩን ሰምተው «አባዬ፣ የዓለም ሙቀት እኮ ከሸሕዲ አልተነሣም። እንደ አገር እንኳ ብንቆጠር እኛ ምን አለንና?» ብለው ሊያጽናኗቸው ሞከሩ። ጥላ ሥር አርባ ሦስት ዲግሪ በሚሞቅበት አገር ለተቀመጡ ሰው ስለ ሙቀት ማስረዳት ትንሽ ድፍረት ነበር። «የዓለሙን ዓለም ይጠየቅበት፤ ከኔ ጭስ ማውጫ የወጣውን እኔ ነኝ ያፈንኩት» አሏቸው። አባትና ልጅ በዚህ ነገር እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። አሁን ግን መምህሩ እየቆዩ ሲያስቡት አባታቸው ትክክል እንደነበሩ ያምናሉ፤ በሕይወት ሳሉ አለመንገራቸውም ይቆጫቸዋል።

እሳቱ ሲጠፋ ምድጃውን ከባዶ ለማስነሣት ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ፣ አቶ ውባንተ እሳቱን በየማታው የማጥፋቱን ሐሳብ ለሐጂ ሙነወር አቀረቡ። ሐጂ መጀመሪያ አልወደዱትም። «ውባንተ፣ ሰው ሰላሳ ዓመት ቢለፋ የማያገኘውን ስም በእሳት አገኘህ፤ አሁን በውኃ ልታጠፋው ነው?» አሏቸው። አቶ ውባንተም «ሐጂ፣ ስሙ አብሮ ይጥፋ» ብለው መለሱ። ሐጂ ሙነወር በመጨረሻ፣ አንድ ሰዓት ቀድመው የሚገቡ ከሆነ እንደሚስማሙ ነገሯቸው። የስድሳ ሦስት ዓመቱ ሰው ከዚያ ወዲህ ከማለዳው ዐሥራ አንድ ሰዓት ፋብሪካ መግባት ጀመሩ።

ታኅሣሥ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ አቶ ውባንተ የአየሩን በር በመዝጋት ፈንታ ወለል አድርገው ከፈቱት። የቀረው አገዳ ነዶ እስኪያልቅ ጠበቁ። አቶ ሷሊህ ባልዲ ይዘው ወደ ምድጃው ሲጠጉ «እዚያ አይፈስም፣ ጡቡን ይሰነጥቀዋል» ብለው አስቆሟቸው። ፍሙን በረጅሙ መቆስቆሻ እየጎተቱ በጓሮ ወዳለው ጉድጓድ አወጡት፤ በየዓመቱ እንዳይጠፋ ይደብቁት የነበረው እዚያው ነው። ውኃውን ያፈሰሱት ራሳቸው ናቸው። ሦስት ባልዲ ፈጀ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ቤታቸው ገቡና ራት ሳይበሉ ተኙ። አቶ ውባንተ እናታቸው በሞቱ ጊዜም እንዲህ ሆነው እንደነበር ወይዘሮ ሃይማኖት ይናገራሉ።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ሐሚዳ ቆርቆሯቸውን ይዘው መጡ። አቶ ውባንተ «ሐሚዳ፣ እሳት የለኝም» አሏቸው። ሲቀልዱ መስሏቸው ሳቁ። ቀዝቃዛውን ምድጃ ሲያዩ ግን «የኔን እሳት ነው እኮ ያጠፉት ጋሽ ውባንተ! ማን ፈቀደልዎ?» ብለው ቆርቆሯቸውን እያንኳኩ ወጡ። የሰፈሩም ሴቶች አዘኑባቸው። ክብሪት ያን ያህል ውድ ሆኖ ሳይሆን፣ ሰው ከለመደው በር ባዶ እጁን ሲመለስ ስለሚከፋው ነው።

በዚያው ጠዋት አገዳው እንደ መጀመሪያው ቀን ጤዛ ጠጥቶ ነበርና አልያያዝ አለ። አቶ ውባንተ አስፋልቱን ተሻግረው ወይዘሮ ሐሚዳ አዲስ ካያያዙት ምድጃ ፊት ቆሙና «እሳት ልጫር» አሉ። ወይዘሮ ሐሚዳ ለእርሻ የቀን ሠራተኞቹ ለሳሉጎቹና ለሾፌሮቹ ሻይ ቀድተው እስኪጨርሱ ድረስ አቆሟቸው። ከዚያ ሦስት ፍም በቆርቆሮ አድርገው ሰጧቸውና «ነገም ይምጡ» አሏቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ የፋብሪካው እሳት ከእሑድ በቀር በየጠዋቱ የሚመጣው ከወይዘሮ ሐሚዳ ነው።

አቶ ውባንተ በዚህ አላበቁም። ማዳፈንን ያስተማሩባቸውን ስድስት ቤቶች ከጥር እስከ መጋቢት በየተራ ዞሩ፤ በሚኒባስም በእግርም ሄዱ። «ያስተማርኳችሁ ስሕተት ነው፣ ተዉት» ለማለት ነበር። ሦስቱ ሰሟቸው። ሁለቱ እሺ ብለው ሸኝተዋቸው እንደ ቀድሞው ቀጠሉ። ስድስተኛው ባለ ቤት «ባለ እሳቱ አርጅቷል» ብሎ በሰው ፊት ሳቀባቸው። እሳቸውም «አርጅቻለሁ፤ እሳቱን ግን አጥፋ» ብለው ተመለሱ። ለማስተማር ተጠርተው ነበር የሄዱት፤ ለማስረሳት ግን የጠራቸው አልነበረም። ቤተሰቡ ከሠሯቸው ሥራዎች ሁሉ በዚህኛው ይኮራል።

አቶ ውባንተ በነበረባቸው የስኳር ሕመም ምክንያት ኩላሊታቸው ተዳክሞ ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በቤታቸውና በሕክምና ተቋም ሲረዱ ቆይተዋል። ተዘግቶ የነበረው መንገድ በተከፈተ ቀን ወደ ጎንደር ተወስደው ተኝተው ሲታከሙም በየቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ስልክ ያስደውሉ ነበር። ጥያቄው ያው አንድ ነው፤ ተገላቢጦሽ ሆነ እንጂ። የካቲት 10 ቀን ድምፃቸው ደክሞ ስለነበር ስልኩን ጆሯቸው ላይ የያዙላቸው ወይዘሮ ሃይማኖት ናቸው። «ሷሊህ፣ ጠፋ?» አሉ። «ጠፍቷል ጋሼ፤ አመዱ ሳይቀር ቀዝቅዟል» አሏቸው። «ተመስገን» አሉ። ከዚህ በኋላ የተናገሩት ቃል የለም።

በማግስቱ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ቤተሰባቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው በተገኙበት በሸሕዲ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሃይማኖት፣ ከሦስት ልጆቻቸው፣ ከአራት የልጅ ልጆቻቸውና ከአንዲት እህታቸው ተለይተዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩአቸው ለሐጂ ሙነወር፣ ለአቶ ሷሊህና ለፋብሪካው ሠራተኞች ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

የደከሙበትን የሚያውቅ፣ ያጠፉትንም ሲያርሙ ያየ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎች ማረፊያ ያግባልን፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።

ሟቹ የተዉት ኑዛዜ አንድ ብቻ ነው። በሐዘኑ ድንኳን ጓሮ ለምታበስሉ እናቶችና እህቶች ነው፤ ወጡ ሲወርድ እሳቱ አይዳፈን፣ ይጥፋ። ውኃው በበርሜል ተቀድቶ ከአጥሩ ሥር ተቀምጧል። ለጠዋቱ እሳት ወይዘሮ ሐሚዳ «እኔ አለሁ» ብለዋል።